ዳገቱና ፍሪሲዮኑ

ዶቅዶቄ ዛሬ የከተማ ሰው ዕቃ ብቻ አይደለም። ዱሮ በገጠር ሞተር ብስክሌት የሚታየው የግብርና ሠራተኛ ሲመጣ ነበር፤ ልጆችም አቧራውን እየተከተሉ ይሮጡ ነበር። አሁን በሬ ሸጦ ሞተር የገዛ አባወራ አለ። ገንዘብ አዋጥተው ባጃጅ የገዙ ወንድማማቾች አሉ። ማሽላ ይጫንበታል፣ ሽንኩርት ይጫንበታል፣ ምጥ የያዛት እናት እንኳ ወደ ጤና ጣቢያ የምትደርስበት ጊዜ አለ። ሞፈሩንና ማረሻውን የሚያውቅ ገበሬ የሞተሩንም ዕቃ ቢያውቅ ይጠቀማል እንጂ አይጎዳም። በዚህ ምንባብ የምንነጋገረው ስለ አንድ ዕቃ ነው። ይኸውም ፍሪሲዮን ነው።

ነገሩን ያነሣነው እንዲያው አይደለም። ደሴ ከተማ፣ ሆጤ ሠፈር፣ ከአንድ ጋራዥ በራፍ ቆመን ሳለን አንድ የቃሉ ገበሬ ከልጃቸው ጋር ሞተራቸውን እየገፉ መጡ። ሁለቱንም ላብ አጥምቋቸዋል። ከኮምቦልቻ ሲነሡ አንድ ኩንታል ማሽላ ጭነው ነበር። ልጁ ይነዳል፣ አባት ከኋላ ተቀምጠዋል። የሐረጎ ዳገት መኻል ሲደርሱ ሞተሩ ይጮኻል፣ ጎማው ግን አልሄድ አለ። የተቃጠለ ነገር ሸተተ። ማሽላውን በመኪና አስጭነው እነሱ ሞተሩን እየገፉ ወጡ።

በአንድ ዓመት ውስጥ ፍሪሲዮን ሲያልቅባቸው ይህ ሦስተኛው ነው። አንድ ዕቃ ሻጭ «የእናንተ ሞተር ጉልበተኛ ነው፤ የፋብሪካው ፍሪሲዮን አይችለውም። ሞላው የጠነከረ፣ ለእሽቅድድም የሚሆን አለ፤ እሱን ግዙ» ብሏቸዋል። ዋጋው የተለመደውን ሦስት እጥፍ ነው። ሞተሩ ራሱ የተገዛው በጥማድ በሬ ሽያጭ ነው።

አባት ተማሪዎች መሆናችንን ሲሰሙ ወደ እኛ ዞሩ። «ልጆቼ፣ እናንተ ተምራችኋል። ጠንካራውን ልግዛ ወይስ ሞተሩን ሸጬ በሬዬን ልመልስ? ወላሂ ግራ ገባኝ» አሉን።

እኛም ዝም አልን። ስለ ፍትጊያ ሕግ በደብተራችን ጽፈናል፣ ፈተናም አልፈንበታል፤ ነገር ግን ፍሪሲዮን ተፈትቶ አይተን አናውቅም ነበር። አፈርን። መልሱን ያገኘነው ከጋራዡ ባለሙያ ጋር ተቀምጠን፣ እሳቸው ሲፈቱ እኛ ስናሰላ ነው። ያን ቀን የተማርነውን እነሆ።

ፍሪሲዮን ሞተሩንና ጎማውን የሚያያይዝና የሚለያይ ዕቃ ነው። ሞተር እንደ በሬ ቆሞ አያርፍም። ከተነሣ ጀምሮ ይዞራል። ጎማው ግን መሄድም መቆምም አለበት። የሚዞረውን ከቆመው ጋር በድንገት ብናጋጥም ወይ ሞተሩ ይጠፋል ወይ አንድ ነገር ይሰበራል። ስለዚህ መኻላቸው ገብቶ ቀስ እያለ የሚይዝ ነገር ያስፈልጋል። ነጂው በግራ እጁ እጀታውን ሲጨብጥ ይለያያሉ። ቀስ አድርጎ ሲለቅ ይያያዛሉ።

በሬ ጠምዶ የሚያርስ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ሞፈርና ቀንበር የሚታሰሩት በምራን ነው። ማረሻው ከድንጋይ ጋር ሲጋጠም ምራኑ ይሳባል፤ ቢብስ ይበጠሳል። ሞፈሩ ግን ይተርፋል። ምራን ቶሎ ይተካል፣ ሞፈር ግን ዛፍ ተፈልጎ፣ ተቆርጦ፣ ተጠርቦ ነው። በምራን ፋንታ የብረት ሰንሰለት ያሰረ ሰው ቢኖር ምን እንደሚደርስበት ታውቃላችሁ። ፍሪሲዮንም ለሞተር እንደ ምራን ነው። ይህን ያዙልን፤ በኋላ እንመለስበታለን።

ቃሉ ጣሊያንኛ ነው። ትርጉሙ ፍትጊያ ማለት ነው። የጣሊያን ጦር ደሴ የገባው በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. ነው። በሚያዝያ 1933 ዓ.ም. ተሸንፎ ወጣ። ቃሎቹ ግን በጋራዡ ውስጥ ቀሩ። ፍሬን፣ ማርሽ፣ ካንዴላ፣ ጎማ፣ ሞላ የምንላቸው ሁሉ ከዚያው ቋንቋ የመጡ ናቸው። መካኒክ ሲያነጋግራችሁ እንግዳ ቋንቋ የሚመስላችሁ በዚህ ምክንያት ነውና አትፍሩ፤ «ምን ማለት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ።

ባለሙያው የሞተሩን የጎን ክዳን ሲከፍቱ ውስጡን አየን። ፍሪሲዮኑ አንድ ዕቃ አይደለም። ክብ ክብ ሳህኖች እንደ እንጀራ ተደራርበዋል። አንዱ ሸራ የለበሰ ነው፣ ቀጥሎ ያለው ልሙጥ ብረት ነው፤ እንደገና ሸራ፣ እንደገና ብረት። ሸራ የለበሱት ከሞተሩ ጋር ይዞራሉ። ልሙጦቹ ከማርሹ ጋር ይዞራሉ። ሞላዎች ከላይ ተጭነው ያጣብቋቸዋል። እጀታው ሲጨበጥ የሞላዎቹ ጭነት ይነሣል፣ ሳህኖቹም ይላቀቃሉ። ሁሉም የሚሠሩት በሞተሩ ዘይት ውስጥ እንደተነከሩ ነው። የባጃጅም እንዲሁ ነው።

ለምን ብዙ ሆኑ? እስቲ ይህን መጽሐፍና ደብተራችሁን ገጽ በገጽ እያፈራረቃችሁ አደራርቧቸው። ከዚያ ሁለት ሰዎች በጥራዙ በኩል ይዘው ይጎትቱ። ሙጫ የለም፣ ስፌት የለም፣ ግን አይላቀቁም። አምስት ገጽ ብቻ ካፈራረቃችሁ ግን ወዲያው ይለቃሉ። የሚፋተገው ፊት ሲበዛ መያዣው ይበረታል ማለት ነው። (መጽሐፉ እንዳይቀደድ አደራ። ሌላም ሰው ያነበዋል።)

ሸራውም ራሱ ታሪክ አለው። ከአድዋ ድል አንድ ዓመት በኋላ፣ በ1889 ዓ.ም. ገደማ፣ በእንግሊዝ አገር ኮረብታማ በሆነ አውራጃ ኸርበርት ፍሩድ የሚባል ሰው ነበር። ጋሪ ነጂዎች ቁልቁለት ሲወርዱ ያረጀ ጫማ ከእንጨቱ ፍሬን ጋር አድርገው ጎማውን ሲያስይዙ አየ። እንጨት ብቻውን ይንሸራተታል፤ ጫማው ግን ይይዛል። ከዚያ ተነሥቶ ለፍሬን የሚሆን ሸራ መሥራት ጀመረ። በኋላ ለመኪናም ተረፈ። የገበሬና የጋሪ ነጂ ብልሃት ፋብሪካ ሲያቆም ይህ የመጀመሪያው አይደለም።

አሁን ወደ ጉልበቱ እንምጣ። ጉልበትና ፍጥነት ይለያያሉ። በቅሎ ትፈጥናለች፣ በሬ ግን ይጎትታል። ሞተርም ጠምዝዞ የማዞር አቅም አለው፤ ይህ «የማዞር ጉልበት» ይባላል። መለኪያው ኒውተን ሜትር ነው። ስሙ ይከብዳል እንጂ ነገሩ ቀላል ነው። አሥር ሳንቲ ሜትር ርዝመት ያለውን እንጨት አንዱን ጫፍ ጨብጡ። በሌላው ጫፍ አንድ ኪሎ ስኳር አንጠልጥሉ። እጃችሁን ወደ ታች የሚጠመዝዘው ጉልበት አንድ ኒውተን ሜትር ያህል ነው።

በአገራችን በብዛት የሚታየው ቦክሰር የሚባለው 150 ሞተር 12 ኒውተን ሜትር ያህል ይሰጣል። በውጭ አገር ከዚህ እጅግ የበለጡ አሉ። ቢኤምደብሊው የሚባለው የጀርመን ፋብሪካ የሠራው አር 1250 ጂኤስ የተባለ ሞተር ብስክሌት 143 ይሰጣል። ጉልበተኛ ሞተር ማለት ይህ ነው። ስለዚህ ሻጩ «ጉልበተኛ ነው» ሲል ከማን ጋር አነጻጽሮ እንደሆነ መጠየቅ ነበረብን።

የሞተሩ 12 ወደ ፍሪሲዮኑ ሲደርስ 12 ሆኖ አይቀርም። መኻል ላይ ትንሽ ባለጥርስ ትልቁን ታዞራለች። ፍጥነቱ ሲቀንስ ጉልበቱ ይጨምራል። ሦስት እጥፍ ተኩል ሆነ እንበል። 12 ሲባዛ በ3 ተኩል 42 ይሆናል። እንግዲህ ፍሪሲዮኑ ቢያንስ 42 መያዝ አለበት።

ይይዛል ወይ? እናስላ። የሞላዎቹ ጭነት በጠቅላላው አንድ ኩንታል፣ ማለት መቶ ኪሎ ነው እንበል። ዘይት በነካው ሸራ ላይ መቶ ኪሎ ሲጫን፣ የሚይዘው ከመቶው 12 ኪሎ ያህል ብቻ ነው እንበል። ሸራ የለበሱት ሳህኖች አምስት ናቸው፤ እያንዳንዱ ሁለት ፊት አለው፤ ስለዚህ የሚፋተገው ፊት አሥር ነው። 12 በ10 ሲባዛ 120 ኪሎ ይሆናል። ይህ 120 ኪሎ የሚይዘው ከመኻሉ አምስት ሳንቲ ሜትር ርቆ ነው። አምስት ሳንቲ ሜትር የአሥር ግማሽ ነው፤ ስለዚህ 120 በግማሽ ይቀንሳል፣ 60 ይሆናል። በእኛ መለኪያ 60 ኒውተን ሜትር ማለት ነው።

ሞተሩ 42 ይሰጣል፣ ፍሪሲዮኑ 60 ይይዛል። ትርፍ አለው። ፋብሪካው ሲሠራው አስቦበታል። ታዲያ ለምን አንሸራተተ?

ባለሙያው በመጀመሪያ ያዩት ዘይቱን ነው። በጣታቸው ነክተው አሸተቱት። «ምን ዘይት ነው የሞላኸው?» ብለው ልጁን ጠየቁት። «የመኪና ነው፣ ጋሼ። ጥሩ ነው ተብሎ ነው፣ ውድ ነው» አለ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ለመኪና ብቻ ከሚሠሩት ዘይቶች አንዳንዶቹ ቤንዚን እንዲቆጥቡ ተብሎ የሚያንሸራትት ቅመም ይጨመርባቸዋል። በአብዛኛው መኪና ፍሪሲዮኑ ከዘይት ውጪ ስለሆነ አይጎዳም። የሞተር ብስክሌት ፍሪሲዮን ግን ዘይቱ ውስጥ ነው። ቅመሙ ሸራው ውስጥ ይገባል። አሁን ከመቶ 12 ይይዝ የነበረው 8 ብቻ ያዘ እንበል። ሒሳቡን እንደገና ሥሩት፦ 8 በ10 ሲባዛ 80፣ በግማሽ 40። ከ42 አነሰ! አንድም ነገር ሳይበላ፣ አንድም ነገር ሳይሰበር፣ በዘይት ብቻ ፍሪሲዮኑ ደከመ።

ጃፓኖች ለዚህ መለያ አውጥተዋል። ፍሪሲዮኑ ዘይት ውስጥ ለሚሠራ ሞተር የሚሆነው ዘይት በጣሳው ላይ «ጃሶ ኤም ኤ» የሚል ጽሑፍ አለበት። «ጃሶ ኤም ቢ» የሚለው ሌላ ነው፤ እሱ ያንሸራትታል፣ ለዚህ አይሆንም። ጽሑፉ በላቲን ፊደል ስለሆነ የሚያነብ ልጅ ይዛችሁ ሂዱ። ሻጩ «ያው ነው» ቢላችሁ ያው አይደለም።

ቀጥለው የእጀታውን ሽቦ አዩ። እጀታው ሲጨበጥ መጀመሪያ ትንሽ በባዶ መሄድ አለበት። በብዙ ትናንሽ ሞተሮች ላይ ጫፉ የአንድ ጣት ስፋት ያህል ይሄዳል። የእነዚህ ሰዎች ሽቦ ግን ተወጥሮ ነበር። ልጁ «እንዲለሰልስልኝ» ብሎ አጥብቆታል። የተወጠረ ሽቦ እጀታውን ሁልጊዜ ትንሽ እንደጨበጡት ያህል ነው፤ የሞላውን ጭነት ሰርቆ ያስቀራል። ይህን ለማስተካከል አንድ ቡሎንና ሁለት ደቂቃ ይበቃል። ገንዘብ አይጠይቅም።

ሳህኖቹ ሲወጡ ብረቶቹ እንደ ርግብ አንገት ሰማያዊ ሆነው ነበር። ባለሙያው አንዱን በመስተዋት ላይ አስተኝተው በጣታቸው ጫፍ ጫፉን ነኩት፤ ተንቀጠቀጠ። ከሙቀት የተነሣ ጠምሟል። የጠመመ ብረት በአንድ በኩል ይይዛል፣ በሌላው ይለቃል። ከዚያ አሮጌውንና አዲሱን ሞላ ጫፍ ለጫፍ ገጥመው በማሰሪያ ጨመቋቸው። አሮጌው ቀድሞ አጠረ። ደክሟል ማለት ነው። ባለፉት ሁለት ጊዜያት የተቀየረው ሸራው ብቻ ነበር። ብረቱና ሞላው የመጀመሪያዎቹ ናቸው። እንዲህ ያለ ጥገና አሮጌ ጆንያ ላይ አዲስ ጥጋፍ እንደ መለጠፍ ነው፤ ሸራው ለብቻው ምን ያድርግ?

እኛን በጣም ያስደነቀን ግን የጭነቱ ነገር ነው። «ጭነት ስለበዛ ፍሪሲዮኑ አልቻለም» ሲባል ሰምተን እናምን ነበር። ስናሰላው እንደዚያ አይደለም። ሞተሩ የሚሰጠው ከ12 አያልፍም። አንድ ሰው ቢጫን 12 ነው፣ ሁለት ኩንታል ቢጫንም ያው 12 ነው። ፍሪሲዮኑ ሙሉ በሙሉ ከያዘ በኋላ ከሞተሩ አቅም በላይ አይመጣበትም። እንዲያውም ኮምቦልቻ ከባሕር ወለል በላይ 1,850 ሜትር ገደማ ነው፣ ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ነው። ደሴ ላይ አየሩ ከአሰብ ጠረፍ አየር ጋር ሲነጻጸር ከአምስት አንድ እጅ በላይ የሳሳ ነው። ሞተር የሚተነፍሰው አየር ነውና ጉልበቱም በዚያው መጠን ይቀንሳል። 12 የተባለው 9 ተኩል ያህል ይሆናል። ፍሪሲዮኑም ላይ የሚደርሰው 42 ሳይሆን 33 ያህል ነው።

እንግዲህ በደጋ ላይ ፍሪሲዮን እንዲያውም ሊቀለው ይገባል። የሚቃጠለው ግን እዚሁ ነው። ምክንያቱ ጊዜ ነው። ሜዳ ላይ ባዶ ሞተር ሲነሣ ፍሪሲዮኑ የሚንሸራተተው ለአንድ ሁለት ሰከንድ ነው። ኩንታል ጭኖ፣ ሰው አፈናጦ፣ ዳገት ላይ፣ በሳሳ አየር ሲነሣ ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ነጂው ግማሽ ጨብጦ ቤንዚን ይሰጣል። አሥር ሰከንድ፣ አሥራ አምስት ሰከንድ። መኪና ሲያግደው ይቆማል፣ እንደገና ይነሣል። ፍሬን መያዝ ሰልችቶት በፍሪሲዮን ብቻ ዳገት ላይ የሚቆምም አለ። በዚህ ሁሉ ጊዜ ጉልበቱ ወደ ጎማ አይሄድም፤ ፍትጊያ ሆኖ ሙቀት ይሆናል። ቦክሰር 12 የፈረስ ጉልበት ያህል አለው። ሲሶው፣ አራት የፈረስ ጉልበት ብቻ፣ ወደ ሙቀት ቢለወጥ የአንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ሙቀት ያህል ነው። ደሴ ከተማ ምጣዱን ያየ ሰው ያውቀዋል። ያን ሙቀት ከቡና ሲኒ ማስቀመጫ በማይበልጥ ሳህን ላይ አስቡት።

ከኮምቦልቻ ደሴ መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በዚያ ውስጥ ከ600 ሜትር በላይ ወደ ላይ ይወጣል። ይህን መንገድ በየቀኑ ጭኖ የሚወጣ ሰው ፍሪሲዮኑን የሚገድለው የጉልበት ማነስ ሳይሆን ይህ ምጣድ ነው።

ታዲያ ጠንካራ ፍሪሲዮን ጥቅም የለውም ወይ? አለው። ግን ለማን እንደሆነ መለየት ያስፈልጋል። ሞተሩን አስቦርቡሮ ትልቅ ፒስተን ያስገባ ሰው ጉልበቱን ጨምሯል፤ የፋብሪካው ትርፍ ላይበቃው ይችላል። ዘይቱ ትክክል፣ ሽቦው ትክክል፣ ሳህኖቹም ሞላዎቹም አዲስ ሆነው እያሉ ሜዳ ላይ በትልቅ ማርሽ ቤንዚን ሲሰጥ ሞተሩ ብቻውን የሚጮህበት ሰውም ጠንካራ ቢፈልግ ትክክል ነው።

ለነዚህ ሰዎች መንገዱ ከአንድ በላይ ነው፤ ሁሉም ዋጋ አለው። ሞላውን በአምስት አንድ እጅ የጠነከረ ብናደርገው 60 የነበረው 72 ይሆናል። ነገር ግን የግራ እጅም በአምስት አንድ እጅ የበለጠ ይጨብጣል። ቀኑን ሙሉ ማርሽ ሲቀይር የዋለ ባጃጅ ነጂ ማታ እጁን እንዴት እንደሚያሽ ያየ ሰው ይህን አይንቅም። ሽቦውም ቶሎ ይበጠሳል። አንድ ሳህን መጨመርም ይቻላል፤ ሥስ የሆኑ ስድስት ሸራዎች የሚገቡበት ዕቃ ለአንዳንድ ሞተሮች ይሠራል። አሥራ ሁለት ፊት ሲሆን ይኸው 72 ይሆናል፣ እጅም አይከብድም። ግን ሥስ ብረት ቶሎ ይግላል፤ በደንብ ካልተገጠመም እጀታው ተጨብጦ እንኳ ሞተሩ ወደፊት ይሳባል። ከሁለቱ እኛ ብንመርጥ ሳህን መጨመሩን እንመርጣለን፤ ሥራውን የሚያውቅ ባለሙያ ካለ ብቻ።

የሸራውን ዓይነት መቀየርም አለ። በትናንሽ ሞተሮች ላይ የተለመደው ቡሽ ያለበት ሸራ ነው። ኬቭላር የሚባለው ክር ያለበት ደግሞ ሙቀት ይችላል። ይህን ክር በ1957 ዓ.ም. ገደማ ያገኘችው ስቴፋኒ ክዎሌክ የምትባል አሜሪካዊት የኬሚስትሪ ባለሙያ ናት፤ ጥይት የማይበሳው ልብስም ይሠራበታል። ጥሩ ዕቃ ነው። ቢሆንም ዳገት ላይ አንሸራትቶ የሚነዳን ሰው አያድነውም፤ የሚቃጠልበትን ቀን ያራዝምለታል እንጂ። ከብረት ዱቄት የተጋገረው ሸራ ለእሽቅድድም ነው። በድንገት ይነክሳል። ኩንታል ጭኖ ቀስ ብሎ መነሣት ለሚፈልግ ሰው ተቃራኒው ነው።

አንድ ብልሃት ግን ፈጽሞ አትቀበሉ። አንዳንዱ መካኒክ አዲስ ሞላ ከመግዛት ይልቅ ከአሮጌው ሞላ ሥር ሮንዴላ ያስገባል። ሞላው ስለሚጨመቅ የጠነከረ ይመስላል። ነገር ግን እጀታው ሲጨበጥ ሞላው የሚጨመቅበት ቦታ ያጣል፤ ጥምጥሙ እርስ በርሱ ይገጥማል። ያኔ ፍሪሲዮኑ በደንብ አይለቅም፣ ማርሽ ሲገባ ይንቋቋል፣ ሸራው ሳያርፍ ይፋተጋል።

አሁን ወደ ምራኑ እንመለስ። የእሽቅድድም ፍሪሲዮን ቢገባ፣ ልጁም እንደ ልማዱ ዳገት ላይ ቤንዚን ሰጥቶ እጀታውን በድንገት ቢለቅ፣ ፍሪሲዮኑ አይንሸራተትም። ታዲያ ያ ድንጋጤ የት ይሄዳል? ወደ ሰንሰለቱና ወደ ማርሹ ጥርሶች ይሄዳል። ሸራ ለመቀየር የጎን ክዳን መክፈት ይበቃል። የማርሽ ጥርስ ሲሰበር ግን በብዙ ሞተሮች ሞተሩ እስከ ሆዱ መከፈል አለበት። ምራኑን ለማዳን ሞፈሩን መስበር ይህ ነው።

ባለሙያው ለአባት የሰጡት መልስ እንዲህ ነበር። «አባባ፣ ፍሪሲዮኑን አይቀይሩት አልልም። ግን የፋብሪካውን ዓይነት፣ ሸራውንም ብረቱንም ሞላውንም አንድ ላይ ይግዙ። ዘይቱን ለውጡ። ከዚያ የፊተኛውን ትንሹን ባለጥርስ አንድ ጥርስ አሳንሱት።» የሞተሩ የፊተኛው 14 ጥርስ ነበረው፣ የኋላው 42። 42 ለ14 ሲካፈል 3 ነው። 13 ሲሆን ግን 3 ነጥብ 23 ይሆናል። ሞተሩ በዚያው ጉልበት የጎማውን የመጎተት አቅም ከመቶ 7 ወይም 8 ያህል ይጨምርለታል፣ ፍጥነቱንም በዚያው ልክ ይቀንስበታል። ፍጥነት ለማሽላ ምን ያደርግለታል? ቶሎ ሲነሣ የሚንሸራተትበት ጊዜ ያጥራል። ዋጋው ደግሞ ከእሽቅድድሙ ፍሪሲዮን ጋር የሚወዳደር አይደለም።

አዲሱን ሸራ ወዲያው አልገጠሙትም። ዘይት ውስጥ ነክረው አሳደሩት። ደረቅ ሸራ ከገባ በመጀመሪያው ቀን ይቃጠላል አሉ። አባትና ልጅም ደሴ ዘመድ ቤት አደሩ። በማግስቱ ሲገጠም ልጁ አጠገባቸው ቆሞ የሳህኖቹን ቁጥር ቆጠረ፤ አባት አዘውት ነው። ሲመለሱ በሐረጎ ቁልቁለት ማርሹን ዜሮ አድርጎ ወይም እጀታውን ጨብጦ እንዳይወርድ ባለሙያው አስጠነቀቁት። ቤንዚን ለመቆጠብ ብለው እንዲያ የሚወርዱ አሉ። ያኔ ሞተሩ አይዝም፣ ሁሉም በፍሬን ላይ ይወድቃል፤ ፍሬኑ ሲግል ደግሞ መያዝ ያቆማል። የሚንሸራተት ፍሪሲዮን ያለው ሞተርም ቁልቁለት ላይ እንዲሁ ነው፤ ሽቅብ ጉልበቱን ያላስተላለፈ ሸራ ቁልቁል ሞተሩን መያዣ አያደርገውም። ዳገት ላይ ቢበላሽ ተገፍቶ ይወጣል። ቁልቁለት ላይ ግን የሚገፋው ሰው ላይኖር ይችላል።

አባት ከሰማያዊዎቹ ብረቶች አንዱን ለምነው ወሰዱ። ለምን እንደሆነ ስንጠይቃቸው «እቤት እሰቅለዋለሁ። ይሄ ልጅ እጀታውን አላግባብ በያዘ ቁጥር አሳየዋለሁ» አሉ። ልጁ ሳቀ። ከጥቂት ወራት በኋላ ኮምቦልቻ ላይ አገኘነው። ፍሪሲዮኑ አልተነካም። አባቱ ግን ማሽላ በተጫነ ቀን አብረውት አይፈናጠጡም፤ በታክሲ ቀድመውት ደሴ ይገባሉ።

እስቲ እናንተም አስሉ። አንድ ሞተር 14 ኒውተን ሜትር ይሰጣል፤ ወደ ፍሪሲዮኑ ሲደርስ ሦስት እጥፍ ይሆናል። ፍሪሲዮኑ ስድስት ሸራ አለው። የሞላዎቹ ጭነት 90 ኪሎ ነው። ዘይቱ ደህና ስለሆነ ከመቶ 10 ይይዛል። የሚይዘው ከመኻሉ አምስት ሳንቲ ሜትር ርቆ ነው። ይህ ፍሪሲዮን ይይዛል ወይስ ይንሸራተታል? ዘይቱ ተበላሽቶ ከመቶ 7 ብቻ ቢይዝስ? መልሱን ለጎረቤታችሁ አሳዩ፤ ሞተር ያለው ሰው ካለ በእሱ ሞተር ላይ ሳህኖቹ ስንት እንደሆኑ ጠይቁት።